መለኪያው ሆድ

ታቪ ከመነኩሴው ኋላ በአራት እርምጃ ርቀት ትከተላለች። ርቀቱ በመመሪያ የተደነገገ ነው። ከዚያ ከቀረበች የመንደሩ አሮጊቶች «መነኩሴ ላይ ጥላዋን ጣለች» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ከዚያ ከራቀች ደግሞ የምጽዋት ቆሪው ውስጥ የሚገባው ምግብ አይታያትም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብም ቢሆን ፀሐይም ቢሆን፣ በየማለዳው በባዶ እግሯ ይህንኑ ስትመላለስ ኖራለች። ዛሬ ዛሬ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ይንቋቋል፤ እሷም እንዳልሰማ ሆና ታልፈዋለች።

የምትከተላቸው ሰማንያ አራት ዓመት የሞላቸውን ሎክ ታ ሳሩንን ነው። ሎክ ታ በአገሩ ሰዎች፣ በክመሮች፣ አጠራር «የተከበሩ አያት» እንደማለት ነው፤ ሽማግሌ መነኩሴ ይጠራበታል። በማዕረግ የማለዳውን የምጽዋት ሰልፍ መምራት የሚገባቸው እሳቸው ነበሩ። እግራቸው ስለከዳቸው ግን ወጣቶቹ መነኮሳት ቀድመዋቸው ይሄዳሉ፣ እሳቸው ቢጫ ጃንጥላቸውን ይዘው ከኋላ ብቻቸውን ያዘግማሉ። በየደጁ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ መዳፎቹን አገናኝቶ እጅ ይነሳና ያዘጋጀውን ቆሪው ውስጥ ይጨምራል። ታቪ ትመዘግባለች። ቤት ቁጥር አሥራ አራት፣ ሩዝ፣ አንድ ጭልፋ። ቤት ቁጥር አሥራ አምስት፣ ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ፣ ዓሣው የፋብሪካ። ቤት ቁጥር አሥራ ስድስት፣ የተጠበሰ ሙዝ፣ ሁለት። ሎክ ታ አጭር ምርቃት ያነበንባሉ፣ እሷ የመመዝገቢያ ሰሌዳዋን ትነካለች፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋሉ።

የአንድ ሽማግሌ ቁርስ እንዲህ በጥንቃቄ የሚጻፈው ሆዳቸው የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ ነው። የሎክ ታ ሳሩን ሆድ የኮምፖንግ ትሬይ ወረዳ መለኪያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ታቪ ልጅ ሳለች ነው። ከላይ ያሉት ግድቦች ወንዙን አንድ በአንድ ሲዘጉት፣ የቶንሌ ሳፕ ሐይቅም እንደ ድሮው በየዓመቱ መሙላትና መጉደሉን ሲተው፣ ዓሣው ጠፋ። ዓሣው ሲጠፋ ፕራሆክ፣ ማለትም ክመሮች ያለሱ ምግብ በልተናል የማይሉት የተብላላ ዓሣ፣ ከፋብሪካ መምጣት ጀመረ። ሰዉም ግማሹ ተሰደደ፣ በሄደው ቦታ ሌላ ሰው መጣ። ማን ክመር እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ በቋንቋም በመልክም መለየት አስቸገረ። ደም ተሞከረ፤ ደም ጎረቤት አገሩን ሁሉ ዘመድ አድርጎ ቁጭ አለ። ሊቃውንቱ ወደ ሆድ የዞሩት ያን ጊዜ ነው። ሰው ስለ ዘሩ ሊዋሽ ይችላል፣ የበላውን ግን ሆዱ ያውቃል አሉ። በአንጀት የሚኖሩት ደቃቅ ተሕዋስያን በአርባ ትውልድ ፕራሆክ የተገሩ ስለሆኑ ክመርነት ያለው እዚያ ነው ተባለ።

መለኪያ የሚሆን ሰው ሲፈለግ መነኩሴ ተገኘ። መነኩሴ አይመርጥም፣ የሰጡትን ይበላል፤ ከየቤቱ ይበላል፤ ከቀትር በኋላ እህል አይቀምስም። ስለዚህ የአንድ ሽማግሌ መነኩሴ አንጀት የወረዳው ሕዝብ ሁሉ ድምር ነው ተባለ። ሲሰሙት ብልሃት ያለው ነገር ይመስላል፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የሦስት ወሩ የክረምት ሱባኤ ሲያበቃ በየዓመቱ ከሎክ ታ ሆድ ናሙና ይወሰዳል፣ የሌላው ሰው ሁሉ ሆድ ከዚያ ጋር ይነጻጸራል። ከመቶ ስድሳ ያገኘ ካርዱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ልጁን ያስተምራል፣ ሐይቅ ዳር ቤት ይሠራል፣ ሲሞት አጥንቱ በፓጎዳው፣ በመነኮሳቱ ገዳም፣ ይቀመጣል። ከስድሳ በታች የሆነ አዋቂ «ተጠባባቂ» ተብሎ ሆዱን እንዲያስተካክል ሦስት ዓመት ይሰጠዋል። በሰባት ዓመቱ ሲለካ ከስድሳ በታች የሆነ ልጅ ግን ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ መመለሻ ትምህርት ቤት ይወሰዳል።

ሕዝብ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ቆሪው ውስጥ ምግብ የጨመረ ሰው መለኪያውን ወደ ራሱ እንደሚስብ ለመረዳት አንድ ክረምት አልፈጀበትም። መዝጋቢ የተቀጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ከአንድ ቤት ከአንድ ጭልፋ በላይ የተከለከለው፣ ከመነኮሳት የተረፈው ምግብም እንደ ድሮው ለምእመናን መታደሉ ቀርቶ ታሽጎ የሚቃጠለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለመዝጋቢዋም የተለየ አንቀጽ አለ፦ የምትመዘግብ አትሰጥም። ታቪ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ፍሬ ሩዝ ለሎክ ታ ሰጥታ አታውቅም። ዛሬ ለመነኩሴ ያልሰጠ በሚቀጥለው ሕይወቱ ባዶ እጁን ይወለዳል ብላ ለምታምን ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

የምታሳድጋት የልጅ ልጅ አለች፣ ፒሰይ ትባላለች። እናቷ ለሥራ ኮሪያ ሄዳ ሦስት ዓመት ስትቆይ ሆዷ ተለወጠና ካርዷ ተሰረዘ፤ አሁን በየሳምንቱ በስልኩ መስተዋት ብቅ ትልና «ምን በላችሁ?» ብላ ትጠይቃለች። ፒሰይ ሁለት ዓመቷ ሳለ ታይፎይድ ይዟት አርባ ቀን ሙሉ ጠንካራ አንቲባዮቲክ ወስዳ ነበር። ልጅቷ ዳነች፣ ሆዷ ግን ታጥቦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ታቪ ያላበላቻት የለም። ከምድር የተቆፈረውን ሥር፣ ከኩሬ የተለቀመውን ቀንድ አውጣ፣ አንድ ዘመድ ደብቆ የሰጣትን እውነተኛ ፕራሆክ ሳይቀር አበላቻት። በየማለዳው ከሥራ በፊት በደረቅ ዓሣ የሩዝ ገንፎ ትሠራላታለች። ባለፈው ሚያዝያ ልጅቷ ሰባት ዓመት ሞላትና ተለካች። ሠላሳ አራት አገኘች። ሁለተኛውና የመጨረሻው ልኬት ሱባኤው በሚያበቃበት ቀን እንዲሆን ተቆረጠ።

መመለሻ ትምህርት ቤት ምን እንደሚያደርግ ታቪ በዓይኗ አይታለች። የጎረቤቷ ልጅ እዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሰባ አንድ ይዞ ተመልሷል። ጤነኛ ነው፣ ወፍሯል። ምግብ ሲቀርብለት አንገቱን ደፍቶ በጸጥታ ይበላል፤ ሲጨርስ ማንም ሳይነሳ ተነስቶ ማንኪያውን ያጥባል፣ ከዚያ መዋጡን እንድታይለት አፉን ለእናቱ ይከፍታል። እናቱ በመጀመሪያው ሰሞን ስቃ ነበር።

ፒሰይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፓጎዳው በኩል ታልፋለች። ሎክ ታም ከቀትር በኋላ የሷን ጥያቄ መስማት ይወዳሉ። የምትጠይቀው ስለ ሰው አካል ነው፦ ጥፍር ሲቆረጥ ለምን አያምም፣ ዕንባ ለምን ይጨዋል፣ እንቅልፍ ሲመጣ በየት በኩል ይገባል። አንድ ቀን በሆዷ ውስጥ ስንት ተሕዋስያን እንደሚኖሩ ጠየቀቻቸው። ሎክ ታ፣ ቡድሃ በሰውነታችን ላይ እንድናሰላስል ሠላሳ ሁለት ነገሮችን ቆጥሮልናል፣ ፀጉር፣ ጥፍር፣ ጥርስ፣ ቆዳ እያለ እስከ አንጀትና አንጀት ውስጥ እስካለው ድረስ፤ የመለኪያ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ብዙ ሺህ ቢሊዮን ናቸው ይላል አሏት።

«ክመር መሆናቸውን ያውቃሉ?» አለች ፒሰይ።

ሎክ ታ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ታቪ እንዲህ ሲስቁ አላየችም ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። የቀሩትን ሳምንታት በጣቶቿ እየቆጠረች ነበር።

በክረምቱ መገባደጃ ፕቹም ቤን ገባ። በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት የሲኦል ደጅ ይከፈታል ይባላል። ሆዳቸው እንደ ጋን የሰፋ፣ አፋቸው እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ የተራቡ ሙታን ወጥተው በየፓጎዳው ዘመዶቻቸውን ይፈልጋሉ። ሕዝቡ ለሙታኑ ብሎ ለመነኮሳቱ ምግብ ያቀርባል፤ በዚያ ላይ ልኬቱ ሊደርስ ነው፤ ስለዚህ ፓጎዳው በድስትና በሰው ይሞላል። በዘጠነኛው ቀን ሎክ ታ ከባድ ዝናብ መታቸው። በአሥረኛው ቀን መነሳት አቃታቸው። ደረታቸው ውስጥ አንድ ነገር ያንኮራኩር ነበር።

ሐይቁን እየዞረች የምታክም የክሊኒክ ጀልባ ያን ቀን ወደባቸው ላይ ነበረች። ወጣት ሐኪም መጥታ ጀርባቸውን አዳመጠችና ሳንባቸው ነው፣ ካልተወጉ ሁለት ቀን አይቆዩም አለች። አንቲባዮቲክ ወጋቻቸው፤ የሰባት ቀን መርፌም ለረዳት መነኩሴው ሰጠችው። ክሊኒኩ የማንኛውንም ሰው መድኃኒት በካርዱ ላይ ይጭናል። መለኪያ ግን ካርድ የለውም፤ መለኪያ አይለካምና። ሐኪሟ ይህን ስታውቅ ወደ ታቪ ዞረች።

«መዝጋቢዋ እርስዎ ነዎት? እንግዲያው እርስዎ ይጻፉት» አለችና ወደ ጀልባዋ ተመለሰች። በማግስቱ ጀልባዋ ወደ ማዶ ሄደች።

በመመሪያው መሠረት መለኪያው አንቲባዮቲክ ከወሰደ የዚያ ዓመት ናሙና አይወሰድም፣ ያለፈው ዓመት ልኬት ይጸናል። በአምናው ልኬት ደግሞ ፒሰይ ሠላሳ አራት ናት።

ታቪ ሰሌዳዋን ከፍታ «መድኃኒት» የሚለውን ሣጥን አየችው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ጣቷን አስጠጋችና፣ ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እጽፈዋለሁ አለች። እውነቷን ነበር፣ ደክሟት ነበር። በማግስቱም ደክሟት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ነገሩ ድካም እንዳልሆነ ለራሷም መደበቅ አልቻለችም። የታጠበ ሆድ የታጠበ ሆድን ይመስላል። ሰባት ቀን የተወጋ ሽማግሌ፣ አርባ ቀን መድኃኒት የጠጣች ልጅ። ሌላው ሰው ቢወድቅ ሦስት ዓመት አለው፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ረጅም ነው፣ እስከዚያ አንድ ነገር ይፈጠራል አለች። ስለ ሌሎቹ የሰባት ዓመት ልጆች አላሰበችም። እንደ እውነቱ ከሆነ ሐሳቡ መጥቶ ደጁን አንኳኩቶ ነበር፤ አልከፈተችለትም።

ሎክ ታ ተሻላቸው። በሚቀጥለው የተቀደሰ ቀን ምእመናን ተሰብስበው አምስቱን ሕግጋት ከመነኩሴ አፍ እየተቀበሉ ሲደግሙ ታቪም ምንጣፉ ላይ ነበረች። ሕይወት አላጠፋም። ያልተሰጠኝን አልወስድም። ከትዳር ውጭ አልሄድም። አራተኛው፣ አልዋሽም የሚለው ሲደርስ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ሎክ ታ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር የሚያስደግሙት፣ ግን አይተዋታል። ሕዝቡ ሲበተን ጠሯት።

ከፊታቸው እግሮቿን ወደ ጎን አጥፋ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። እንደ መዝገብ አነበበችላቸው።

«የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች እኔን አይጠይቁኝም» አሉ ሎክ ታ። «መነኩሴን ስለ ሆዱ መጠየቅ ነውር ነው ይላሉ፤ ሆዱን መውሰድ ግን ነውር አልሆነባቸውም። ከጠየቁኝ አልዋሽም። ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ፤ የዝምታዬም ዕዳ የኔ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሎክ ታ» አለች።

«ልጄ፣ መለኪያ መሆን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዘጠኝ ዓመት ከኋላዬ ሄደሻል፣ እስቲ ፊቴን አይተሽው ታውቂያለሽ? የፕቹም ቤን ሙታን ይራባሉ፣ መብላት ግን አይችሉም። እኔ ደግሞ እበላለሁ፣ መራብ ግን አልችልም። ርቦኝ ከበላሁ፣ መለኪያ ከሆንኩ ጀምሮ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ልጅቷ አትወሰድብሽ። ያንን እኔም አልፈልግም። ግን የምታድኛት ከምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ወደ ምን እንደሆነም አስቢ።»

ታቪ እጅ ነስታ ወጣች። የሰማችው «ልጅቷ አትወሰድብሽ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሱባኤው ባበቃበት ቀን የመለኪያ ጽሕፈት ቤቱ ድንኳኑን በፓጎዳው ግቢ ተከለ። ቪሪያክ የሚባለው የወረዳው ኃላፊ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጨዋ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው፤ ታቪን «ሚንግ» ብሎ ይጠራታል፣ አክስቴ እንደማለት። ከሎክ ታ ዘንድ ተንበርክኮ እጅ ነሳ፣ ናሙናውን ከረዳታቸው ተቀበለ፣ ከዚያ ወደ ታቪ መጥቶ በየዓመቱ የምትጠየቀውን ጥያቄ ጠየቃት። በዓመቱ ውስጥ መድኃኒት ተወስዷል? የለም አለች። አመሰግናለሁ ሚንግ ብሎ ፈረመ። ሎክ ታ ከአምዱ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። እሳቸውንም ረዳታቸውንም ማንም አልጠየቃቸውም። ያን ቀን ፒሰይ ከአርባ ሦስት እኩዮቿ ጋር ተሰልፋ ናሙናዋን ሰጠች፤ ቱቦዋ ላይ ስሟ ትክክል መጻፉን ሁለት ጊዜ አየች።

ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ጠዋት ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ ካርዱ አንድ ላይ ቀይ ሆነ። አቻር ኬም፣ የፓጎዳውን ሥርዓት የሚመሩት፣ የአያቶቻቸውን ስም እስከ ሰባት ትውልድ በቃላቸው የሚጠሩት ሽማግሌ፣ ሃያ ዘጠኝ አገኙ። የቪሪያክ የራሱ ሠላሳ አንድ ሆነ። የታቪ ሃያ ሰባት። በወረዳው ካሉት አሥራ አንድ ሺህ ነፍሳት ስድሳን ያለፈ አንድ ብቻ ተገኘ። ፒሰይ ዘጠና ሦስት።

ሰዎች ጽሕፈት ቤቱ ደጅ ተሰበሰቡ። ማንም አልጮኸም። ከመሀላቸው አንዱ መለኪያው ተሳስቶ ቢሆንስ አለ። ከዋና ከተማው በስልክ መስተዋት የታየው ባለሥልጣን በትሕትና መለሰለት፦ መለኪያ አይሳሳትም፣ መለኪያ አይለካም፣ የተለወጠው ሕዝቡ ነው። በሳምንቱ ሱቆች ውስጥ አዲስ ማሰሮ ታየ። በውስጡ ሽታ የሌለው፣ ጣዕም የሌለው ነጭ ገንፎ ነበር፤ በጥናት የተዘጋጀ፣ ወደ አዲሱ ልኬት የሚመልስ ነው ተባለ። አርባ ትውልድ ፕራሆክ የበላ ሕዝብ ክመር ለመሆን ሲል ፕራሆክ መብላት ተወ። አቻር ኬም ማሰሮውን ሲገዙ ታቪ አየቻቸው። እሳቸውም አዩዋትና ለፒሰይ እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ አሏት፣ ከልባቸው።

በዚያው ሳምንት አውቶብስ መጣ። አርባ ሦስቱ ልጆች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቦርሳ ይዘው ተሳፈሩ። ታቪ ከገበያ ስትመለስ ነበር ያጋጠማት፤ ሸሽታ ለመመለስ አስባ ነበር፣ ግን ቆማ አየች። ዓይናፋር የሆነች አንዲት ልጅ መስኮቱን በእጇ እየዳበሰች «ፒሰይስ? ፒሰይ ለምን አትመጣም?» እያለች ትጠይቅ ነበር። ከእናቶቹ አንዷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ቀረች። ታቪ የዚያን ጊዜ የሠራችውን አወቀችው። ሌላ ስም አላወጣችለትም። ቤቷ ገብታ ቀኑን ሙሉ እህል ሳትቀምስ ዋለች።

ሎክ ታ ሳሩን ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በሽታ አልነበራቸውም፤ አንድ ቀን ከቀትር በፊት ቆሪያቸውን አጥበው፣ ደፍተው፣ አጠገቡ ተኙ። አስከሬናቸው በሥርዓቱ ሲቃጠል ሕዝቡ አለቀሰ። አጥንታቸው በኮኮናት ውሃ ታጥቦ ተሰበሰበ። ታቪም ከሴቶቹ ጋር ሆና አጠበች። ቃላቸው ያኔ ነው የመጣላት፣ ያኛው ግማሽ፦ ወደ ምን እንደሆነም አስቢ። እጇ ቆመ። ጎረቤቷ ደክሟታል መሰላትና ሳህኑን ተቀበለቻት።

ከሰባተኛው ቀን መታሰቢያ በኋላ ቪሪያክ ወደ ቤቷ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። በሁለት እጁ አዲስ የብረት ቆሪ ይዟል። ደረጃውን ወጥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ለትንሿ ልጅ እጅ ነሳ።

ወረዳው ያለ መለኪያ መቆየት አይችልም አለ። ለመጨረሻው ልኬት የቀረበ ሰው ይመረጣል፣ ሕጉ መነኩሴ መሆን አለበት አይልም፣ የቀረበችው ደግሞ አንዲት ናት። ደስታውን አልደበቀም። ልጅቷ የትም አትሄድም፣ ዋና ከተማም አትወሰድም፣ እዚሁ ቤቷ ትቀመጣለች፤ ሴት ልጅ በየደጁ ስለማትዞር ሕዝቡ ወደ እሷ ይመጣል። ካርዷ ይሰረዛል፣ መለኪያ ካርድ አያስፈልገውምና። መዝጋቢም መፈለግ አላስፈለገም አለ፤ ከሚንግ ታቪ የተሻለ ልምድ ያለው ማን አለ?

ታቪ ፒሰይን ወደ ጓዳ ላከቻት። ከዚያ በዝግታ፣ የሚጻፍ ያህል፣ ነገረችው።

«ሎክ ታ መድኃኒት ወስደዋል። ሰባት ቀን ተወግተዋል። እኔ አልጻፍኩትም፣ ስትጠይቀኝም ዋሽቻለሁ። ልኬቱ ሐሰት ነው። ልጆቹን መልሳቸው፤ እኔን የምታደርገኝን አድርገኝ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቪሪያክ ቆሪውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ታች፣ ከቤቱ ምሰሶዎች ሥር፣ ዶሮዎች ይጭራሉ። ሲናገር ድምፁ ጨዋነቱን አልለቀቀም፣ ግን አነሰ። ይህን ቢጽፍ፣ ልኬቱን የፈረመው ራሱ ነው አለ። ዋና ከተማው መለኪያ አይሳሳትም ብሎ በአደባባይ ተናግሯል፤ ማሰሮው ለሦስት ዓመት ተመርቷል። ልጆቹን የሚመልስ ፊርማ የለም። ታቪ ትታሰራለች፣ ፒሰይም በሠላሳ አራቷ ወደ አርባ ሦስቱ ትጨመራለች።

«ሚንግ፣ ይህን አልሰማሁም» አለ። ቆሪውን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ ተነሳ። ደረጃው ላይ ሲደርስ ዞሮ አንድ ነገር ጨመረ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «አንቀጹን ያውቁታል፤ የምትመዘግብ አትሰጥም። ልጅቷ ከቆሪው በስተቀር ምንም አትበላም። ከቤትም ቢሆን።»

ታቪ ቆሪውን ከምንጣፉ ላይ አነሳችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ስለሷ የተነገረ መሰላት፤ ለማልቀስ እንኳ ደከማት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ፒሰይ ከደረጃው ሦስተኛው እርከን ላይ ተቀመጠች። ነጭ ሸሚዝ አልብሰዋታል፣ ቆሪው ጉልበቷ ላይ ነው፣ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ሰልፉ ከደጁ እስከ መንገዱ ደርሷል። ከፊት የቆሙት የአርባ ሦስቱ ልጆች እናቶች ነበሩ፤ ከሌሊት ጀምሮ መምጣታቸውን ከነጠላ ጫማቸው ጭቃ ታቪ አወቀች። መለኪያዋ የእነሱን ቤት ምግብ በልታ የእነሱን ቤት ስትመስል ልጆቻቸው ቶሎ ስድሳ ይደርሳሉ። አውቶብሱ ሲሄድ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የቀረችው እናት የመጀመሪያዋ ነበረች። ጫማዋን አውልቃ፣ መዳፎቿን ግንባሯ ድረስ አንስታ፣ ለሰባት ዓመቷ ልጅ እጅ ነሳች።

«ብዪልኝ፣ ልጄ» አለች፣ ሩዙን በቀስታ እየጨመረች።

ፒሰይ ምርቃት አታውቅም። «እሺ» አለች።

ታቪ አራት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ ግን ዛሬ ከኋላ አልነበረም፣ በጎን በኩል ቆማ ፊቷን ታያለች። ይህን ብቻ ለሎክ ታ ስትል አደረገችው። ቤት ቁጥር ስምንት፣ ሩዝ፣ አንድ ጭልፋ። ቤት ቁጥር ሃያ፣ ነጭ ገንፎ፣ አንድ ጭልፋ። ቤት ቁጥር ሃያ አንድ፣ የዱባ ወጥ፣ አንድ ጭልፋ። ልጅቷ መጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ መስሏት ፈገግ እያለች ትጎርስ ነበር። እየቆየ ጉንጮቿ ቀስ አሉ። አሥራ አንደኛው ጭልፋ ሲገባ ወደ አያቷ ዞረች።

«ዬይ» አለች፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ «አልራበኝም እኮ።»

ሰልፉ ይጠብቃል። ፒሰይ ማንኪያውን ይዛ ትንሽ አሰበች፤ ከዚያ ከላይ ከጓዳው የሚመጣው ሽታ ደረሳት። በልማድ ነበር፤ ታቪ በማለዳ ተነስታ፣ እጇ ሳይጠይቃት፣ እንደ ወትሮው ሁሉ ገንፎውን በደረቅ ዓሣ ሠርታዋለች። ድስቱ አሁንም ምድጃው ላይ ነው።

«የአንቺንስ መቼ ነው የምበላው?»

የመጀመሪያዋ እናት ቀና ብላ ታቪን አየቻት። ታቪ ወደ ሰሌዳዋ አጎነበሰች። በገጹ መጨረሻ አንድ ሣጥን አለ፣ ለአዲሱ መለኪያ ተብሎ የተጨመረ፤ «ከቤተሰብ የተሰጠ» ይላል። በዚህ ዓመት ውሸት አይገባበትም ብላ ነበር። ጣቷን አስጠጋችና፣ ሰልፉ ሲያልቅ ከድስቱ እንደምታጎርሳት እያወቀች፣ «ምንም» ብላ ጻፈች።